የድረ ገጽ ፍጥነት መለኪያዎችን ወደ ጊዜ ተከታታይ ዳታቤዝ መላክ፦ በቀጥታ ወይስ በመሃል ሰብሳቢ በኩል?

ጥያቄ፦ ከ«የትኬቱ ሰው»

ጤና ይስጥልኝ። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ትኬት በሚሸጥ ድረ ገጽ ላይ እሠራለሁ። በጃንጎ (የፓይተን የድረ ገጽ መሥሪያ) የተጻፈ ነው፤ በጉኒኮርን (ጃንጎን የሚያስኬድ ፕሮግራም) በአራት ወርከር (ጥያቄ የሚያስተናግዱ ሂደቶች) ይሠራል፣ ከፊቱ ጥያቄዎችን ተቀብሎ የሚያሳልፍ ኤንጂንኤክስ አለ፣ ዋናው ዳታቤዛችን ፖስትግሬስ ነው። ሰርቨሩ አዲስ አበባ ነው። ደንበኞቻችን አብዛኞቹ በእጅ ስልካቸው የሚገቡ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ደሴና ጅማ የሚሄዱ ሰዎች ናቸው።

ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ «ገጹ አልከፈት አለኝ»፣ «መቀመጫ መርጬ ክፍያ ላይ ቆመብኝ» የሚል ቅሬታ ይጎርፍልናል። በዓል ሲቃረብ ደግሞ ይብሳል። እኛ ቀን ላይ ስንሞክረው ደህና ነው። የመዘግየቱ ምክንያት ላይ አልተስማማንም፤ አንዱ ዳታቤዙ ነው ይላል፣ ሌላው የክፍያ አገልግሎቱ ነው ይላል፣ ሦስተኛው የደንበኛው ኢንተርኔት ነው ይላል። ኃላፊያችን ክርክሩ ሰልችቷቸው «ቁጥር አምጡልኝ» ብለዋል።

ለዚህ ብለን ጀርመን አገር በተከራየነው ሰርቨር ላይ ኢንፍለክስ ዲቢ (ቁጥሮችን ከነጊዜያቸው የሚይዝ የጊዜ ተከታታይ ዳታቤዝ) እና ግራፋና (ግራፍ መሳያ) ተክለናል። ኮዱን ከመጻፌ በፊት ልምድ ያላችሁን ልጠይቅ ወደድሁ። በጃንጎው ሚድልዌር (እያንዳንዱ ሪኩዌስት፣ ማለትም የደንበኛው ጥያቄ፣ የሚያልፍበት ኮድ) ውስጥ ሪኩዌስቱ ሲያልቅ የፈጀውን ጊዜ በቀጥታ ወደ ዳታቤዙ ብልክ ያዛልቃል? የደንበኛውን ስልክ ቁጥርና የጉዞውን ቁጥር እንደ ታግ (መለያ) አብሬ ብመዘግብስ? ቅሬታ ሲመጣ ለመፈለግ የሚመቸኝ ይመስለኛል። አንዳንዶች ደግሞ «ኢንፍለክሱን ተወው፣ ፕሮሚቲየስ የሚባለው ሌላው የመለኪያ ሥርዓት ይሻላል» ይሉኛል። የኢንተርኔት መስመራችን አልፎ አልፎ እንደሚቋረጥ አስባችሁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።


መልስ፦ ከ«ሌሊት ተረኛ»

በቀጥታ አይላኩ። ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ይህንን አይርሱ።

ትኬት ሊቆርጥ የገባ ሰው የእኛን ግራፍ ለመሙላት አንዲት ሚሊ ሰከንድ እንኳ መጠበቅ የለበትም። ሚድልዌሩ ጀርመን ድረስ ኤችቲቲፒ ልኮ መልስ እስኪመጣ ከቆመ፣ የደርሶ መልሱ ጊዜ በእያንዳንዱ ሪኩዌስት ላይ ይታከላል። ያለዎት አራት ወርከር ነው፤ በተለመደው የጉኒኮርን አሠራር ደግሞ አንድ ወርከር በአንድ ጊዜ አንድ ሪኩዌስት ብቻ ነው የሚያስተናግደው። መስመሩ ተቋርጦ የመጠበቂያው ገደብ 5 ሰከንድ ቢሆን፣ አራቱም ወርከሮች ጀርመንን ሲጠብቁ አምስተኛው ደንበኛ በር ላይ ይቀራል። ዳታቤዙ ሲታመም ሱቁም አብሮ ይዘጋል ማለት ነው።

ስለዚህ በዚያው አዲስ አበባ ባለው ሰርቨር ላይ ቴሌግራፍ የሚባለውን ሰብሳቢ ይትከሉ። የመልእክት መለዋወጫው ቴሌግራም አይደለም፤ የኢንፍለክስ ዲቢ ሠሪዎች በ2015 ያወጡት ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሶኬት የሚያዳምጥ ግቤት አለው። የእርስዎ ጃንጎ በዩዲፒ (መድረሱን ሳያረጋግጥ በሚልክ መንገድ) አንዲት መስመር ወደዚያው ማሽን ይወረውርና መልስ ሳይጠብቅ ሥራውን ይቀጥላል። መስመሯ ይህን ትመስላለች፦

ሪኩዌስት,መንገድ=መቀመጫ_ምርጫ,ሁኔታ=200 ቆይታ=0.182,ዳታቤዝ=0.041 1736960400000000000

በመጀመሪያ የመለኪያው ስም፣ ከኮማው በኋላ ታጎቹ፣ ከባዶው ቦታ በኋላ ቁጥሮቹ፣ መጨረሻ ላይ ጊዜው በናኖ ሰከንድ። ኢንፍለክስ ዲቢ የግዕዝ ፊደል ይቀበላል፤ ለቡድናችሁ ከቀለላችሁ በአማርኛ ሰይሟቸው። ስለ ጊዜው ግን ይጠንቀቁ። ስሙ፣ ታጎቹና ጊዜው አንድ የሆኑ ሁለት መስመሮች ከገቡ የኋለኛው የፊተኛውን ይተካዋል፤ ስሕተት ብሎ አይነግርዎትም። ጊዜውን ወደ ሰከንድ አጠጋግተው ቢልኩ በአንድ ሰከንድ ውስጥ መቀመጫ ከመረጡት አሥር ሰዎች የሚቀርልዎት አንዱ ብቻ ነው፤ ግራፉም ጭር ያለ ምሽት ያሳይዎታል።

ስለ መስመር መቋረጥ። ቴሌግራፍ የሰበሰበውን በየ10 ሰከንዱ በጅምላ ይልካል፤ መላክ ካቃተው በማህደረ ትውስታ ይዞ ይቆያል። ነገር ግን ካልነኩት በስተቀር የሚይዘው 10,000 መለኪያ ብቻ ነው፤ ሲሞላበት የቆየውን ይጥላል። በየ10 ሰከንዱ 500 መለኪያ የሚያመነጩ ከሆነ በ200 ሰከንድ ይሞላል፤ ከ4 ደቂቃ ያነሰ ማለት ነው። ገደቡን 300,000 ቢያደርጉት 100 ደቂቃ ያህል ያቆይልዎታል። ይህ ከማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ አንዲት ቁጥር መቀየር ነው፤ ብዙ ሰው ግን የሚያውቃት መስመሩ ከተቋረጠ በኋላ ነው።

የስልክ ቁጥሩን ነገር በፍጹም አያድርጉት። የጊዜ ተከታታይ ዳታቤዝ ለእያንዳንዱ የታግ ጥምረት አንድ ተከታታይ ይከፍታል። 30 መንገድ (የገጽ ዓይነት)፣ 5 የሁኔታ ኮድና 12 የሂስቶግራም እርከን (ቆይታው የሚከፋፈልባቸው ክልሎች) ቢኖርዎት 1,800 ተከታታይ ነው፤ ይህን ትንሽ ማሽን ሳይሰማው ይሸከመዋል። የ20,000 ደንበኞች ስልክ ቢጨመርበት ጣሪያው 36 ሚሊዮን ይሆናል፤ የተከታታዮቹ ማውጫ ማህደረ ትውስታውን በልቶ ሰርቨሩን ያንበረክከዋል። የጉዞ ቁጥርም እንደዚሁ ነው፤ ታግ መሆን ያለበት የአድራሻው መስመር ሳይሆን የጃንጎ መንገዱ ስም ነው። ያልተገኘ ገጽን ሁሉ «የሌለ» በሚል አንድ ስም ያጠቃልሉ፤ አለበለዚያ ቀዳዳ ፍለጋ የሚዞሩ ሮቦቶች በፈጠራ አድራሻ ይሞሉብዎታል። በዚያ ላይ ስልክ ቁጥር የሰው የግል መረጃ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ የደንበኞቻችሁን ስልክ ጀርመን አገር ሰርቨር ላይ ያለ በቂ ምክንያት ማኖር ለድርጅታችሁ ጣጣ ነው። ቅሬታ ለመፈለግ ሎግ አለላችሁ፤ እዚያው አዲስ አበባ፣ ለአጭር ጊዜ።

ፕሮሚቲየስን እወደዋለሁ፤ ሳውንድክላውድ ውስጥ በ2012 ተጀምሮ ዛሬ በየቦታው ያለው በምክንያት ነው። ነገር ግን እሱ ራሱ እየመጣ ነው ቁጥሩን የሚወስደው። ጀርመን ተቀምጦ አዲስ አበባ ያለውን ሰርቨር መድረስ አለበት፤ ለዚህ ደግሞ በር መክፈት አለባችሁ። ሌላው ጣጣ አራቱ ወርከሮች ናቸው። እያንዳንዱ የራሱን ቆጠራ በራሱ ማህደረ ትውስታ ይይዛል፤ ፕሮሚቲየስ በመጣ ቁጥር የሚመልስለት አንዱ ነው። ቆጣሪው አንድ ጊዜ 900፣ ቀጥሎ 310፣ ቀጥሎ 905 ይሆናል። ፕሮሚቲየስ ቁጥር ሲቀንስ ካየ «ፕሮግራሙ ጠፍቶ ተነሣ» ብሎ ስለሚያስብ ያልነበረ የሪኩዌስት ጎርፍ ያሳይዎታል። የፓይተኑ ላይብረሪ ለዚህ መላ አለው፤ ወርከሮቹ ቆጠራቸውን በአንድ የጋራ የፋይል ማውጫ ውስጥ ይጽፋሉ፣ ማውጫውም ጉኒኮርን በተነሣ ቁጥር መጽዳት አለበት። ይሠራል። ኢንፍለክስን ለተከለ ሰው ግን ይህን ሁሉ መዞር አያስፈልገውም።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ሚድልዌር የሚለካው ሰዓት የሚጀምረው ወርከሩ ሪኩዌስቱን ሲያነሣ ነው። ደንበኛው ወረፋ ላይ የቆመበት ጊዜ አይቆጠርም! አራቱ ወርከሮች የክፍያ አገልግሎቱን መልስ ሲጠብቁ ታስረው ከሆነ፣ ጉዞ ለመፈለግ የገባው ሰው ወረፋ ላይ 6 ሰከንድ ይቆማል፤ ከዚያ ወርከር ሲያገኝ ፍለጋው በ80 ሚሊ ሰከንድ ያልቃል። ሚድልዌሩ የሚመዘግበው 80ውን ነው። ደንበኛው እየተበሳጨ ግራፋችሁ አረንጓዴ ይሆናል። «እኛ ስንሞክረው ደህና ነው» ያሉት ይህንን አስጠረጠረኝ፤ ቀን ላይ ወረፋ የለምና።

መፍትሔው ቀላል ነው። ኤንጂንኤክስ ሪኩዌስቱን ሲቀበል ሰዓቱን በሚሊ ሰከንድ ልክ በሄደር (ከሪኩዌስቱ ጋር በሚሄድ ማስታወሻ) ላይ አትሞ ወደ ጃንጎ ያሳልፈው። ሚድልዌሩ ሲጀምር ከራሱ ሰዓት ላይ ያንን ይቀንስና «ወረፋ» ብሎ ይመዝግበው። ሁለቱም በአንድ ማሽን ላይ ስለሆኑ የሰዓት መዛባት አያሳስብዎትም። ከዚያ አራት ቁጥር ይኖርዎታል፦ ወረፋ፣ ዳታቤዝ፣ የክፍያ ጥሪ፣ ጠቅላላ። የሦስታችሁን ክርክር የሚፈታው የእነዚህ ልዩነት ነው።

አማካይ አይሳሉ። ከ100 ደንበኞች 95ቱ በ0.1 ሰከንድ፣ 5ቱ በ8 ሰከንድ ቢስተናገዱ አማካዩ ግማሽ ሰከንድ አይሞላም። ደህና ይመስላል፤ የሚደውሉላችሁ ግን እነዚያ አምስቱ ናቸው። ቴሌግራፍ ውስጥ ሂስቶግራም የሚሠራውን ተሰኪ ይጠቀሙ፣ ጥሬዎቹን መስመሮች እንዲጥል ይዘዙት፣ የእርከኖቹን ድንበር ደግሞ ራስዎ ይምረጡ። በ2.5 እና በ5 ሰከንድ መካከል ድንበር ከሌለ 3 ሰከንድ የፈጀውና 4.9 የፈጀው አይለዩም። ክፍያ በ3 ሰከንድ እንዲያልቅ ከፈለጋችሁ 3 ላይ ድንበር ያኑሩ።

አንድ ትንሽ ነገር። ዳታቤዙ ጊዜ የሚይዘው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ነው። ደንበኛው «ከምሽቱ 1 ሰዓት» ሲል በዩቲሲ 16፡00 ነው፣ 3 ሰዓት ደግሞ 18፡00። ግራፋናው በዩቲሲ ተቀምጦ ከሆነ 19፡00 ላይ ወይም፣ ይባስ ብሎ፣ 13፡00 ላይ ስትፈልጉ እንዳትውሉ የሰዓት ሰቁን አዲስ አበባ አድርጉት።


መልስ፦ ከ«የፊት ገጽ ሠራተኛ»

ከላይ የተሰጠው መልስ ሰርቨሩን በደንብ ሸፍኖታል፤ እኔ ከሰርቨሩ ወዲያ ያለውን ልጨምር። ሦስተኛው ባልደረባችሁ «የደንበኛው ኢንተርኔት ነው» ማለቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ያንን ደግሞ ኤንጂንኤክስ አያየውም። የሚያየው የደንበኛው ብራውዘር ነው።

ብራውዘሩ ራሱ ትልቁ የገጹ ክፍል መቼ እንደታየ ይነግራችኋል። ጉግል ለዚህ ያስቀመጠው ድንበር 2.5 ሰከንድ ሲሆን የሚታየውም በ75ኛው ፐርሰንታይል ነው፤ ከ100 ጉብኝት 75ቱ ከዚያ መብለጥ የለባቸውም ማለት ነው። ሰው አንድ ነገር ሲነካ ገጹ እስኪመልስ ያለው ጊዜ ደግሞ ከማርች 2024 ጀምሮ በአዲስ መለኪያ ይታያል፤ ድንበሩ 200 ሚሊ ሰከንድ ነው። መቀመጫ መምረጫ ገጻችሁ በጃቫስክሪፕት የተጨናነቀ ከሆነ ርካሽ ስልክ ላይ የሚወድቀው በዚህ ነው።

ቁጥሩን ስትልኩ ሴንድ ቢከን የሚባለውን የብራውዘር ጥሪ ተጠቀሙ፤ ገጹን ሳያስቆም ይልካል። የምትልኩበት ቅጽበት ገጹ ከዓይን ሲሰወር ይሁን፤ ስልክ ላይ ሰው ገጽ አይዘጋም፣ ወደ ሌላ መተግበሪያ ይሄዳል፣ ስለዚህ የመዝጊያውን ምልክት ብትጠብቁ ብዙው አይደርሳችሁም። መድረሻው የራሳችሁ ጃንጎ ይሁን እንጂ ኢንፍለክስ ዲቢ አይሁን፤ የዳታቤዙን ቁልፍ ብራውዘር ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ለዓለም ሁሉ ሰጥቶታል።

ክሮም የግንኙነቱን ዓይነት ከአራት ስም በአንዱ ይነግራችኋል፤ ዘገምተኛ ሁለተኛ ትውልድ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛና አራተኛ ትውልድ። አራት ዋጋ ብቻ ስላለው ታግ ለማድረግ የተመቸ ነው። የአራተኛ ትውልድ ደንበኞችም ምሽት ላይ ከተጎተቱ ጥፋቱ የመስመሩ አይደለም።


ምላሽ፦ ከ«የትኬቱ ሰው»

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እንዳላችሁት አድርጌ የምሽቱን ውጤት አየሁ። የዳታቤዙ መስመር ምሽቱን ሙሉ ዝቅ ብሎ ቀጥ ያለ ነው። በዩቲሲ ከ16፡10 በኋላ የክፍያ ጥሪው 95ኛ ፐርሰንታይል ወደ 8 ሰከንድ ይወጣል፤ ወረፋውም ከሥሩ ተከትሎ ይነሣል። ጉዞ ፍለጋው ራሱ ፈጣን ነው፣ ሰው ግን እሱ ጋ ለመድረስ ይቆማል። ግራፉን ለኃላፊያችን ሳሳያቸው ክርክሩ በዚያው አበቃ።

አሁን ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ይህን ዳታ ምን ያህል ጊዜ ላቆየው? የዘንድሮን ፋሲካ ካለፈው ዓመት ጋር ማነጻጸር እንፈልጋለን። ሁለተኛ፣ ወርከር ብንጨምር ይበቃል?


መልስ፦ ከ«ፖስትግሬስ ወዳጅ»

ዘግይቼም ቢሆን አንድ ነገር ልበል። ለዚህ መጠን አዲስ ዳታቤዝ መትከል ለምን አስፈለገ? ፖስትግሬስ አላችሁ፤ ከ2017 ጀምሮ ታይምስኬል ዲቢ የሚባል ተጨማሪ አለው፣ ሠንጠረዡን በጊዜ እየከፋፈለ ያስቀምጣል፣ ያረጀውን በራሱ ይጥላል። የምታውቁትን ኤስኪውኤል ትጽፋላችሁ፣ ግራፋናም ያነብበዋል። ትንሽ ቡድን አዲስ ቋንቋ፣ አዲስ መጠባበቂያ ቅጂ፣ አዲስ የሥሪት ማሻሻያ ይዞ መኖር የለበትም። እኔ በዚህ መንገድ እሠራለሁ፤ እስካሁን አላስቸገረኝም።


መልስ፦ ከ«ሌሊት ተረኛ»

ፖስትግሬስ ወዳጅ፣ በመሣሪያው አልከራከርዎትም። ለዚህ መጠን ታይምስኬል ዲቢ ይበቃል፤ ኤስኪውኤል የሚያውቅ ቡድን ደግሞ ቶሎ ይደርስበታል። የምለው አንድ ነው፦ ትኬቱ ባለበት ማሽን ላይ አይሁን። የትኬቱ ዳታቤዝ ሲጨናነቅ መለኪያውም አብሮ ከቆመ፣ ምስክሩን ከተከሳሹ ጋር አንድ ክፍል ቆለፉበት ማለት ነው። ሌላ ማሽን ላይ ከሆነ በየትኛውም ይሁን።

ወደ ጠያቂያችን። ወርከር መጨመር ለጊዜው ይረዳል፣ ሒሳቡን ግን ይመልከቱት። አንድ ክፍያ ወርከሩን 8 ሰከንድ ከያዘው አራት ወርከር በደቂቃ የሚጨርሰው 30 ክፍያ ነው፤ ያውም ሌላ ሥራ ሳይነካ። ስምንት ብታደርጉት 60 ነው። የፋሲካ ዋዜማ ይህን ያልፈዋል። ክፍያውን ከሪኩዌስቱ አውጡት፤ ሴለሪ በመሰለ የጀርባ ሠራተኛ ይጠራ፣ ደንበኛው «ክፍያዎ እየተረጋገጠ ነው» የሚል ገጽ ይይ፣ ገጹም በየጥቂት ሰከንዱ ይጠይቅ። ይህ እስኪሠራ ድረስ የጉኒኮርንን ወርከሮች በክር (በአንድ ወርከር ውስጥ ጎን ለጎን በሚሄዱ ሥራዎች) ወደሚሠሩት ይቀይሯቸው፤ መልስ የሚጠብቅ ክር ሌላውን አያግድም። የክፍያ ጥሪው የመጠበቂያ ገደብም ይኑረው፤ ገደብ የሌለው ጥሪ አንድ ቀን ሁሉንም ይዞ ይቀራል። ገደቡ ያለፈበትን ክፍያ ግን «አልተከፈለም» ብላችሁ አትደምድሙ፤ ገንዘቡ ከደንበኛው ሒሳብ ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል ሁኔታውን ጠይቃችሁ ታረጋግጣላችሁ። እሑድ ሌሊት ገንዘቡ ተቆርጦ ትኬት ያላገኘ መንገደኛ መናኸሪያ ላይ እንዲቆም አልፈልግም።

ስለ ማቆያው፣ የደቂቃዎቹን ዝርዝር ለ30 ቀን ያዙ፤ ከዚያ በላይ የ16፡10ን እና የ16፡11ን ልዩነት የሚፈልግ የለም። የሰዓቱን ድምር ለሁለት ዓመት ያዙ። ስታጠቃልሉ የምታስቀምጡት 95ኛውን ፐርሰንታይል አይሁን፤ ፐርሰንታይሎች አይደመሩም፣ አማካያቸውም ትርጉም የለውም። የእያንዳንዱን እርከን ቆጠራ ደምራችሁ አስቀምጡ። ከቆጠራው በፈለጋችሁ ጊዜ ፐርሰንታይሉን ታወጣላችሁ፤ ከፐርሰንታይሉ ግን ቆጠራውን መልሳችሁ አታገኙትም።

ለፋሲካው ደግሞ ግራፋና ላይ «ከአንድ ዓመት በፊት» የሚለውን ማነጻጸሪያ አትመኑት። ጥምቀት ጥር 11 ስለሆነ ይገጥምላችኋል። ፋሲካ ግን በ2016 ሚያዝያ 27 ነበር፣ በ2017 ሚያዝያ 12፤ ዓመቱን ብቻ ወደ ኋላ ብትቆጥሩ በዓሉን ከተራ ሳምንት ጋር ታነጻጽራላችሁ። በዓላቱን ቀናቸው እየደረሰ ግራፋና ላይ እንደ ማስታወሻ ምልክት አኑሩ፤ ማነጻጸሪያውንም ከሆሳዕና እስከ ትንሣኤ ባለው ሳምንት ላይ አቁሙት፤ ለሁለቱ ዓመታት የሚሆነው ፈቀቅታ 365 ቀን ሳይሆን 350 ቀን ነው፣ የ2017ቱ ፋሲካ በፈረንጆቹ ከሜይ 5 ወደ ኤፕሪል 20 ቀደም ብሏልና።